በክርስትና ስሙ የፈለግሁት ምርኮኛ

ትእዛዙ የደረሰን በጥር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደባርቅን ወደ ኋላ ትተን የስሜንን ግርጌ ይዘን እንድንጓዝና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አንድ ኮረብታ እንድንይዝ ታዘዝን። ኮረብታው ካርታ ላይ ቁጥር ነበረው። እኛ ግን ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ ቆብ ስለሚመስል «ቆቡ» አልነው። ዛሬ ገብስ ይዘራበታል፤ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛም ልብ አይለውም።

ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ማዕረጌ አሥር አለቃ፣ የአንድ ጓድ መሪ ነበርሁ። ይህን የምጽፈው ጀብዱ ሠርቼ አይደለም። ልጆቼ «አባባ፣ ጦር ሜዳ እንዴት ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም «ብርድ ነበር» ብዬ አልፋቸዋለሁ። እውነትም ብርድ ነበር። ግን ሌላም ነገር ስለነበረ፣ ዕድሜ ሳይቀድመኝ ልንገራቸው ብዬ ነው።

በእኛ መቶ ውስጥ አንድ ልማድ ነበረን። ወደ ማጥቃት ከመውጣታችን በፊት ሁለት ሁለት ሆነን የክርስትና ስማችንን እንለዋወጣለን። የሠራዊቱ መዝገብ የሚያውቀው የዓለም ስማችንን ነው፤ ካህን ግን ፍትሐት የሚፈታው በክርስትና ስም ነው። ስለዚህ ከሁለቱ የተረፈው የሟቹን ስም አገር ቤት አድርሶ ጸሎት ያስደርስለታል። የእኔ ጥንድ ዘውዱ የሚባል የደባርቅ ልጅ፣ መትረየስ ተኳሽ ነበር። ስሙን በጆሮዬ ከነገረኝ በኋላ «ብትረሳው በሕልምህ እየመጣሁ እንቅልፍ ነው የምነሳህ» አለኝ። ዘውዱ ጥይት በላዩ እያፏጨም ቀልድ አይተውም።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተንቀሳቀስን። ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነበር። ግማሽ መንገድ እስክንደርስ ማንም አልተኮሰብንም። ከዚያ ተኮሱ። ተኛን፣ ተነሳን፣ ሮጥን፣ ተኛን። ሁለት ሰዓት ላይ ቆቡን ያዝን። አምስት ሰው አጣን። ከምሽጉ ውስጥ እግሩን የተመታ አንድ ምርኮኛ አገኘን።

ምርኮኛውን የመጠበቁ ሥራ ለእኔ ጓድ ተሰጠ። ዘጠኝ ቀን አብረን ቆየን። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ረጅም፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። አገሩ ከቧሂት ማዶ አምቢኮ እንደሆነ ነገረኝ፤ ከመዝመቱ በፊት ዲያቆን ነበር። የዓለም ስሙን ግን አልነገረኝም። ቤተሰቡ እንዳይነካበት ፈርቶ ይሆናል፤ እኔም አጥብቄ አልጠየቅሁትም። ቆሎ እንካፈል ነበር። ቁስሉን በጨው ውኃ አጥብለት ነበር። እሱም ጠዋት ጠዋት ዳዊት በቃሉ ይደግማል፣ እኔ አዳምጣለሁ።

በስምንተኛው ቀን ጠላት እየተሰባሰበ መሆኑን ሰማን። እንደ ልማዳችን ስም ተለዋውጠን ዘውዱ ወደ መትረየሱ ሲመለስ ምርኮኛው ቀና አለና «የእኔንም ያዝልኝ። ወልደ ሰንበት እባላለሁ» አለኝ።

«አንተ እኮ ጠላት ነህ» አልሁት።

«ይሁና። ስም ግን አለኝ» አለ።

ያዝሁለት።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሞርታር ይወርድብን ጀመር። መድፍ ሲተኮስ ጠባቂዎችም ወደ ምሽግ ስለምንገባ ምርኮኛ ይታሰር የሚል ትእዛዝ ነበረን። ወልደ ሰንበትን ከአንድ የድንጋይ ጉረኖ ውስጥ አስገብቼ እጁን ከምሰሶ ጋር አሰርሁት። አጥብቄ ነው ያሰርሁት። ከዚያ ወደ ምሽጌ ሮጥሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልቀቁ» የሚል ትእዛዝ በሬዲዮ መጣ። ሁለት ቁስለኛ ነበረኝ፤ አንዱን ተሸከምሁ፣ አንዱን ደገፍሁ። በዚያን ቀን ዘጠኝ ሰው አጣን።

ቁልቁል ወርደን አንድ ወንዝ ጋ ስንደርስ ምርኮኛው ትዝ አለኝ።

ረስቼው ነበር። እዚህ ላይ ብቆም ደግ ነበር፤ መርሳት ሰው ላይ ይደርሳል። እኔ ግን ካስታወስሁ በኋላም አልተናገርሁም። ብናገር «ተመለስና ፍታው» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ለዘውዱ እንኳ አልነገርሁትም። ዝም ብዬ ተጓዝሁ። ቁስለኛ ሰው፣ በጥር ውርጭ፣ እጁ ከምሰሶ ጋር ታስሮ፣ ስሜን ላይ እንደማያድር የስሜንን ብርድ ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዳባት ገባሁ። አገባሁ፣ ወለድሁ፣ በትምህርት ቤት ዘበኝነት ተቀጥሬ ጡረታ ወጣሁ። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ከየሟቾቹ ጥንዶች የሰበሰብሁትን የስም ዝርዝር ይዤ ደብራችን እሄዳለሁ፤ አባታችን የነፍስ አባቴ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሱልኛል። ከእኛ ቆቡ ላይ የቀሩት አሥራ አራት ናቸው። የእኔ ወረቀት ላይ ግን አሥራ አምስት ስም አለ። ከደባርቅ እየመጣ አብሮኝ የሚቆመው ዘውዱ አንዳንዴ «ይህ ወልደ ሰንበት የሚባለው የትኛው ነው?» ይለኛል። «አንተ የማታውቀው ነው» እለዋለሁ። አልዋሸሁም ብዬ ራሴን እሸነግል ነበር።

አምና፣ አስተማሪዋ ልጄ ትዕግሥት አንድ ወፍራም መጽሐፍ አመጣችልኝ። ባሕር ማዶ ያለ የአንድ አገር ሰው፣ በፖለቲካ ታስሮ ረጅም ዘመን ከማቀቀ በኋላ ወጥቶ አገሩን የመራ፣ ትዝታውን የጻፈበት ነው፤ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። ዘውዱ ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው በየቅዳሜው በሚኒባስ ደባርቅ እየሄድሁ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቅን አነብለት ጀመር። ሁለታችንም ወደድነው። ሰውየው አይመጻደቅም። ስለ ንግግሩ ከጻፈው ይልቅ ስለ ጥርስ ሕመሙ የጻፈው ይበልጣል። ዘውዱ ደግሞ አንባቢን ያስቆማል፤ ስለ እስር ቤቱ ሾርባ ሳነብ «ቆይ፣ ሥጋ አለው? እኛ ምሽግ ውስጥ ሥጋ አይተን እናውቃለን? እዚያ በታሰርን!» ይላል። ክርክራችን አያልቅም ነበር። ደስ የሚሉ ቅዳሜዎች ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ከመጽሐፉ አጋማሽ ላይ ደረስን። ሰውየው ስለ አንድ ጠባቂ ይተርካል። ይህ ጠባቂ እሑድ እሑድ የእስረኛውን የእግር ብረት ላላ ያደርግለት ነበር፤ አይናገርም፣ ምስጋናም አይጠብቅም። አንድ ቀን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እስረኛው ነጻ ወጥቶ፣ መሪ ሆኖ፣ ያን ሰው ሊያፈላልገው ሲያስብ ስሙን ጠይቆት እንደማያውቅ ትዝ አለው። አገር በሙሉ በእጁ ሆኖ አንድ ሰው ማግኘት አቃተው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል ይላል።

ማንበብ አቃተኝ።

«ምን ሆንህ? መነጽርህ ጠፋ?» አለ ዘውዱ።

ያኔ ነገርሁት። ጉረኖውን፣ ገመዱን፣ ወንዙን፣ ዝምታዬን። ይህ ሰው ውለታ ለዋለለት ሰው ስም አጥቶ ሲቆጭ፣ እኔ የበደልሁትን ሰው ስምና አገር ይዤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቤቴ ተቀምጫለሁ አልሁት። ቢያንስ ለቤተሰቡ የት እንደወደቀ መንገር ይገባኝ ነበር። ዘውዱ ቀልዱን ተወ። «ያን ዕለት ብትነግረኝ አብሬህ እመለስ ነበር» አለ። ከዚያ ደግሞ «ዋሸሁ፣ አልመለስም ነበር። አሁን ግን እንሄዳለን» አለኝ።

ሄድን። መንገዱ እስከሚፈቅድ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ። ሁለት ሽማግሌዎች ቧሂትን ስንሻገር የነበረውን ማቃሰት አልጽፈውም። መጽሐፉንም ይዘነው ነበር፤ ዘውዱ «መጨረሻውን ሳልሰማ ገደል ብገባ ማን ይነግረኛል?» ብሎ ነው።

አምቢኮ ስንደርስ ሞኝነታችን ገባን። ሰው ሁሉ በዓለም ስሙ ነው የሚጠራው። እኛ ደግሞ የያዝነው እግዜርና ካህን የሚያውቁትን ስም ብቻ ነው። መንደር ውስጥ «ወልደ ሰንበት» ያልነው ሁሉ ትከሻውን ይነቀንቃል። በመጨረሻ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደን ቄሱን ከደጀ ሰላሙ አገኘናቸው።

«ይፍቱን አባቴ» አልን።

«እግዚአብሔር ይፍታ። ከወዴት ናችሁ?»

ነገርናቸው። «የዓለም ስሙስ?» አሉ። አላውቅም አልሁ። «የአባቱ?» እሱንም አላውቅም። «እንግዲያ ምን ይዛችሁ መጣችሁ? ደግሞስ ለምን ትፈልጉታላችሁ?»

«በድዬዋለሁ አባቴ። ሞቷል፤ ዘመዶቹን ይቅርታ ልጠይቅ ነው።»

ቄሱ አተኩረው አዩኝ። «ሦስት ወልደ ሰንበት አሉኝ» አሉ። «አንዱ ገና ዳዴ ይላል። አንዱ ባለፈው ክረምት ያረፉ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛው ያውላችሁ፣ ከታች አውድማው ላይ ገብስ ያበራያል። የግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል።»

እንዴት ወደ አውድማው እንደወረድሁ አላውቅም። ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶን በሬዎቹን ይነዳል። ሲዞር አወቅሁት። ጢሙ ሸብቷል እንጂ ራሱ ነው። እሱ ግን አላወቀኝም።

«ጉረኖ ውስጥ ያሰርሁህ ወታደር እኔ ነኝ» አልሁት።

ጅራፉን እንደያዘ ቆመ። ቀጥሎ «በሬዎቹን ላውጣ» አለ። አንድ በአንድ አወጣቸው፣ ውኃ ሰጣቸው፣ ከዚያ መጥቶ ከጭዱ ላይ ተቀመጠ። እኔ እንደቆምሁ ነኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በክንዱ ያዘኝ።

«ረግሜሃለሁ» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከዳዊቱ ቀጥዬ ረግሜሃለሁ። ከዚያ አገባሁ፣ ልጅ መጣ፣ እርሻው በዛብኝ፣ ተውሁት።»

«ማን ፈታህ?»

«ማን ይፈታኛል? የእኔዎቹም በዚያ ሌሊት አልደረሱም፤ በጥርሴ ነው እንጂ።» ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። ከፊት ሁለት ጥርስ የለውም። «ሲመሽ ተፈታሁ። እየዳህሁ ወርጄ አንዲት ባልቴት ቤት ገባሁ። እሷ ነች ያዳነችኝ።»

በየዓመቱ ጥር ፍትሐት ሳስፈታለት እንደኖርሁ ስነግረው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ለካስ ጥር በመጣ ቁጥር አልጋ ላይ የምታጣብቁኝ እናንተ ናችሁ!» ዘውዱ ይህን ይጠብቅ እንደነበረ ሁሉ «ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል፤ አመስግን እንጂ!» አለው። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስሁ። ደስታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደስታ ልጆቼ ሲወለዱ እንኳ አልተሰማኝም።

ሦስት ቀን አስቀመጠን። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያበቃ አውድማው ዳር ተቀምጠን መጽሐፉን አነበብሁላቸው፣ ጨረስነውም። ሥልጣን ከያዘ በኋላ ያለው ክፍል ስብሰባ ይበዛዋል፤ ሁለቱም አንቀላፍተውብኛል። የጠባቂውን ታሪክ ግን ወልደ ሰንበት ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። «አይፈረድበትም» አለ። «እሱ አገር ይመራል፣ ጊዜ ከየት ያምጣ? ጡረተኛ ግን ምን ሥራ አለው?»

ልንመለስ ስንል ወረቀቴን ጠየቀኝ። የራሱን ስም አየና በጣቱ ነካው። ከዚያ «የእኔ ጓዶችም እዚያው ኮረብታ ላይ ቀርተዋል። ሰባት ናቸው። ስማቸውን ልንገርህ?» አለኝ። ጻፍሁ። ያን ጠዋት ወደ ላይ ስንተኩስ የነበረው በእነዚህ ላይ ነው። ከእነሱ ማንን እኔ እንደመታሁ አላውቅም፤ ማወቅም አልችልም።

የመጽሐፉ ደራሲ አገር እንዴት እንደሚመራ ብዙ ጽፏል። እኔ የምመራው አገር የለም። ያለኝ አንድ ወረቀት ነው፤ እሱንም ማስተካከል ሠላሳ ምናምን ዓመት ፈጀብኝ። በሕይወት ያለ ሰው ከሙታን መሐል አውጥቼ፣ ከሌላ ወገን ናቸው ብዬ ረስቻቸው የነበሩ ሙታን አስገባሁ። ቆቡ ላይ የቀሩት፣ ከሁለቱም ወገን፣ እኔ የማውቃቸው ሃያ አንድ ሰዎች ናቸው።

ዘንድሮ ጥር ላይ ወረቀቱን ለነፍስ አባቴ ሰጠኋቸው። ዘውዱ በቀኜ፣ ከአምቢኮ የመጣው ወልደ ሰንበት በግራዬ ቆመዋል። አባታችን ዝርዝሩን አስቀድመው ተመለከቱና ጠሩኝ።

«ገብረ ማርያም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ተሳስተህ ነው?»

«አልተሳሳትሁም አባቴ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የእኛ ነው፣ አንዱ የእነሱ።»

አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁና ጸሎቱን ጀመሩ። ተራው ሲደርስ «ገብረ ማርያም» አሉ። ትንሽ ቆም አሉ። ደግመው «ገብረ ማርያም» አሉ።