የሶስናን ኮምፒውተሮች ለማየት እስከ አንኮበር

ሐሙስ ጠዋት፣ ከላምበረት

ሐሙስ ጠዋት ከላምበረት መናኸሪያ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የማስተምርበት ኮሌጅ ለቤተ ሙከራው አዲስ ኮምፒውተሮች ሊገዛ ነው። ደብረ ብርሃን የተከፈተውን አነስተኛ የኮምፒውተር መገጣጠሚያ አይቼ "ይገዛ" ወይም "ይቅር" እንድል የተላክሁት እኔ ነኝ። የመገጣጠሚያው ባለቤት ሶስና ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ተምረን፣ አንድ ዶርም አድረን የወጣን ጓደኛዬ ናት። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት እንከን ፍለጋ ነበር።

ሰንዳፋንና ሸኖን አልፈን ጫጫ ስንደርስ ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ። ስንዴው ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ሻይና ፓስቲ አዘዝኩ። ዋጋው አዲስ አበባን ተከትሎ ጨምሯል፤ ፓስቲው ግን ትኩስ ነበር። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ተቀምጠው ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"እሶስና ዘንድ!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ድሮ ደብረ ብርሃን ሲባል የምናውቀው ብርድ ልብሱን ነበር። አሁን ደሞ ኮምፒተር! የልጅ ልጄን ሥራ ያስያዘቻት እሷ ናት። ያውቋታል እንዴ?"

"በደንብ።"

"የታደሉ!"

ሻዩ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ደብረ ብርሃን

ከመኪና ስወርድ ብርዱ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። ሶስና ወፍራም ሹራብ ለብሳ በር ላይ አቀፈችኝ። "ሂሩቴ! አልተለወጥሽም እኮ!" አለችኝ። በፍቅር ያለችውን እኔ እንደ ስድብ ቆጠርኩት።

መገጣጠሚያው የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ካቻቢቴ የያዙ ወጣቶች ብሎን ያጠብቃሉ፤ ጥግ ላይ አንዲት ልጅ የተገጣጠሙትን አንድ በአንድ እያበራች ትሞክራለች። ሁሉም ሶስናን "ኢንጂነር፣ እስቲ ይቺን እዪልን" እያሉ ይጠሯታል። እኔን ተማሪዎቼ "ቲቸር" ነው የሚሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ማዕረጉ አንሶኝ አያውቅም ነበር።

"ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ የእናንተ ሥራ የቱ ነው?" አልኳት፣ ላሳፍራት ብዬ።

"ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩም ከውጭ ነው የሚመጣው" አለች ምንም ሳይከብዳት። "ሳጥኑን ከላሜራ እዚሁ እናወጣዋለን። ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ ዘንድሮ ጀመርን። ከውጭ የሚመጣው የኛን አገር መብራት አልችል አለ፤ ምን እናድርግ፣ ሠራነዋ!"

ተማሪዎች ሳለን "ኮምፒውተር እዚህ አገር መሠራት አለበት" እያልኩ ዶርሙን የምነዘንዘው እኔ ነበርኩ። የሷ ሕልም ባንክ ቤት መቀጠር ነበር። ምሳ ላይ፣ ጥብሱ መካከላችን ቸስ ቸስ እያለ፣ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት።

"ይህ ሐሳብ ከየት መጣልሽ?"

ጎረሰችና አሰብ አደረገች። "እኔ እንጃ ሂሩት። ያኔ ሁሉም ሰው ያወራው አልነበር?"

ሁሉም ሰው! ጥርሴ ሳቀ፤ ሆዴ ግን ተቃጠለ።

ዓርብ፣ አንኮበር

በማግስቱ ሶስና አንኮበር ላለ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ስለምታስረክብ አብሬያት ሄድኩ። መንገዱ ሽቅብ ሽቅብ ይልና ድንገት ገደሉ አፋፍ ላይ ያወጣል፤ ከታች ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቆላ በጉም ተሸፍኗል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ። በየመንደሩ ሰው የሶስናን መኪና ሲያይ እጁን ያነሣል። እኔ መስኮቱን ዘጋሁ።

የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር ይርጋ ክፍሉን አስጠርጎ ጠበቀን። ሠራተኞቹ ኮምፒውተሮቹን ተክለው አበሩ፤ ተማሪዎች በመስኮት ተንጠልጥለው አጨበጨቡ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ በኃይል መጣና አንድ አምፖል ጧ አለ። ኮምፒውተሮቹ መልሰው በሩ፤ አንዱ ብቻ ጨለማ ሆኖ ቀረ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ የመምህር ይርጋን ፊት አየሁት። ሰው እንደ ሞተበት ደርቆ ቆሟል።

ስልኬ የጮኸው ይኼን ጊዜ ነው። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ደረጀ ናቸው። ወደ ግቢው ወጣሁ።

"እህ፣ ሂሩት? ይሠራል?"

"አንዱ አሁን ቆመ።"

"ብዬ ነበር!" አሉ ደስ ብሏቸው። "በቃ ይቅራ? እንደ ልማዳችን ከውጭ እናስመጣለን።"

"ይቅር" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ውሸትም አይሆንብኝም። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። ሶስና ሹራቧን ጠቅልላ፣ አቧራው ላይ ተንበርክካ፣ የቆመውን ሳጥን ትፈታለች።

"አቶ ደረጀ፣ እንግዛ" አልኩ።

"ምን? ቆመ አላልሽም እንዴ?"

"እኛ መጋዘን ተበላሽተው የተቆለሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ከውጭ የመጡ ናቸው። ሲቆሙ ማን ከፈታቸው? ይቺን ግን የሠራቻት ሴት እዚሁ ተንበርክካ እየፈታቻት ነው።"

"እሺ፣ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው" ብለው ዘጉ።

ስመለስ ሶስና ቀና ሳትል "ሂሩት፣ ብርሃን አሳዪኝ" አለችኝ። አጎንብሼ የስልኬን መብራት ያዝኩላት። "ፊውዙ ነው" አለች። "እሱ ተቃጥሎ ሌላውን አዳነው።" ቀየረችው። ስክሪኑ ሲበራ መምህር ይርጋ "ተመስገን!" ብሎ ተቀመጠ። ለአቶ ደረጀ ያልኩትን አልነገርኳትም። እንድታመሰግነኝ አልፈለግሁም፤ ያን ያህል ገና ልቤ አልሰፋም።

ቅዳሜ፣ ቤት

ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ገባሁ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ሐሳብ ለማንም ይመጣል፤ ባለቤቱ ግን ብርዱን ችሎ የሠራው ነው። ማወቄ ግን ቅናቴን አላበረደውም።

ባሌ ጌታቸው ቦርሳዬን ተቀብሎ ፊቴን አየ።

"እንዴት ነበር?"

"ጥሩ ኮምፒውተር ነው የምትሠራው።"

"ታዲያ ምን አስኮረፈሽ?"

"ጥሩ መሆኑ" አልኩት።