የአጭበርባሪዎቹ አማካሪ

ሰውየው ፍሬም ሠሪ ነው። የሠርግ ፎቶ፣ ዲፕሎማ፣ የሟች አያት ምስል፣ ምንም አምጡለት፤ አራት እንጨት ቆርጦ፣ መስታወት አልብሶ፣ ግድግዳ የሚያኮራ አድርጎ ይመልስላችኋል። በሙያው እጁ የተባረከ ነው። ችግሩ ከሱቁ ወጥቶ አንድ ነገር ልግዛ ያለ ቀን ነው። ያን ቀን የከተማው አጭበርባሪ ሁሉ ስብሰባ የተጠራ ይመስል መንገድ ላይ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ሰፈሩም «ገበያው» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ሳይሸጥለት ሄዶ አያውቅማ።

ምን ያልተሸጠለት ነገር አለ? ሻጩ እጅ ላይ እያለ ብቻ የሚሠራ ሰዓት ገዝቷል። ባለቤቱ ሳይሆን የባለቤቱ እንግዳ ያከራየው ቤት ገብቶ፣ መጋረጃውን ሰቅሎ፣ የቤቱ ባለቤቶች ከመንገድ ሲመለሱ «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» ብሎ በራፋቸው ላይ አቁሟቸዋል። ከሁሉ ከሁሉ ግን የብስክሌቱ ይብሳል። ብስክሌቱን ሰረቁት። ሰንበትበት ብሎ አንድ ትሁት ሰው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ብስክሌት እየገፋ መጣለት። ነድቶ ሞከረው፤ ልክ እንደ ድሮው ነው የሚመቸኝ፣ መቀመጫው እንኳ እንደዚያኛው ወደ ግራ ያዘነብላል እያለ በደስታ ገዛው። ቀለሙ መላላጥ ሲጀምር ከሥር የራሱ ብስክሌት ብቅ አለ። ይህን ሲያወራ ከሰሚው ይልቅ እሱ ነው በሳቅ እንባው የሚፈሰው። ሌባው አንጀቱ አልችል ብሎት መልሶልኝ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ለሌላ ይሸጠው ነበር ይላል።

ባለቤቱ ግን አትስቅም። እሷ ክሊኒክ ውስጥ መርፌ የምትወጋ ነርስ ናት፤ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን እንደሚራገጥ፣ ማን ጀግና መስሎ ገብቶ ዘጭ እንደሚል ከበሩ ጀምራ በዓይኗ ትለያለች። እንዲህ ያለች ሴት እንዴት እሱን አገባች የሚለውን ወሬ ሰፈሩ እስከ ዛሬ አልጨረሰውም። ጭማቂ መፍጫ ብሎ ያመጣው ካርቶን ሲከፈት በጋዜጣ የተጠቀለለ ጡብ የወጣ ቀን አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ጡቡን በሳሙና አጥባ የሳሎኑ በር እንዳይዘጋ አስደገፈችው፤ እንግዳ ሁሉ እያየው እንዲገባ። ከዚያ በኋላ ግዢ የሚባል ነገር፣ ቲማቲምም ብትሆን፣ ከእሱ እጅ ወጣ። አንተ መስታወትህን ቁረጥ፣ የገበያውን ነገር ለእኔ ተወው አለችው፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ምን ይበል? ተቀበለ። አንድ ነገር ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ። ፍሪጅ ሊገዙ አስበዋል። ያን ፍሪጅ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ተከራክሮ፣ ራሱ አስጭኖ በሰፈሩ መሐል ቢያሳልፈው እስከ ዛሬ የተሳቀበት ሁሉ የሚሰረዝለት መሰለው። በሰበብ በአስባቡ ያነሣባታል። እሷ ዞር ብላ ጡቡን ታያለች።

የቴሌቪዥኑ ነገር የመጣው ይሄኔ ነው።

ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ የሚያየው አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር፤ የአጭበርባሪዎች ቡድን ታሪክ። ቁንጮው መልከ መልካም፣ ምላሱ ማር፣ ቆመህ እያየኸው ካልሲህን ከነጫማህ የሚያወልቅህ ዓይነት። ድራማውን የሚሠሩት ሰዎች ለሀብታም ቤት ግድግዳ የሚሆኑ ወርቅ ቅብ ፍሬሞች አዘዙትና ተሸክሞ ሄደ። ዓይኑ የተገለጠው እዚያ ነው። አፉን ከፍቶ የሚያየው ቪላ የጫማ መጋዘን ኖሯል። የእብነ በረዱ ደረጃ ወደ የትም አይወጣም፤ ተዋናዩ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ካላለ ጣሪያው ይገጨዋል። በሻንጣ ሙሉ የሚዘረፈው ብር የተቆራረጠ የተማሪ ደብተር ነው። ያ የሚያስፈራው ጥቁር ውሻ ድመት ስታልፍ ሶፋ ሥር የሚገባ ፈሪ ነው፤ የሚጮህለት የድምፅ ባለሙያው ነው፣ ሻይ በሎሚ እየጠጣ። ዝናቡም ጣሪያ ላይ የውኃ ጎማ ይዞ የቆመ አትክልተኛ ነው። ቁንጮው አጭበርባሪ ራሱ ደግሞ ከካሜራ ውጭ የሰው ቻርጀር ሳያስፈቅድ ቢነካ ፊቱ ቲማቲም መስሎ የሚናዘዝ ምስኪን ሆኖ ተገኘ። ፍሬም ሠሪው ፍሬሞቹን ሊሰቅል የወጣበት መሰላል ላይ ቆሞ ራሱን ታዘበ። ለካ እዚያ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬም እየተሸወድኩ ነበር አለ በሆዱ።

ከሥሩ ልምምድ እየተካሄደ ነው። ተዋናዩ ለአንዱ የውሸት አልማዝ ሊሸጥ ግዛ፣ አያምልጥህ እያለ ይለማመጠዋል። ፍሬም ሠሪው አላስቻለውም። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ እንደሱ አይደለም አለ። ደህናው አጭበርባሪ አይሸጥልህም፤ አልሸጥም ነው የሚልህ። ለሌላ ሰው ቃል ገብቼበታለሁ ብሎ ዕቃውን ወደ ከረጢቱ መመለስ ይጀምራል፤ ያኔ እጁን ለቀም አድርገህ የምትይዘው አንተ ነህ፤ ለምነህ፣ አማላጅ ልከህ ነው የምትገዛው።

ዳይሬክተሯ ቀና ብላ አየችው። ይህን ሁሉ ከየት አወቅኸው አለችው።

ከመገዛት፣ ማለት ነበረበት። ግን በዚያ ሁሉ ቆንጆ ሰው ፊት አፈረ። ረጅም ትንፋሽ አወጣና፣ «ያለፈ ነገር ነው፤ ባናነሣው ይሻላል» አለ።

ጉድ የሠራው ትንፋሹ ነው። ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ ቦርሳዋን በእግሯ ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሳበች። በማግሥቱ ዳይሬክተሯ ሱቁ ድረስ መጥታ የድራማው አማካሪ ሁንልን አለችው፤ እሱም አሰብ አድርጎ፣ እምቢ የሚል መስሎ፣ ለሌላ ሥራ ቃል እንደገባ ነግሮ ተስማማ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጠላቱም አይነፍገው። መጋዘኑ ውስጥ ሲገባ የሁሉም እጅ ወደየኪሱ ይሄዳል። ሰዓት ያሰረ እጅጌውን ያወርዳል። ከኋላው «አደገኛው መጣ» ይባላል። በሕይወቱ እሱን የፈራ ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ያለችው ዶሮ እንኳ እሱ ሲመጣ ነው ደፍራ ጓዳ የምትገባው። ስለዚህ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። ጥቁር መነጽር አደረገ፤ የመጋዘኑ ውስጥ ጨለማ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ከካሜራ ማቆሚያ ጋር ተጋጨ፤ ያንንም ሆን ብሎ ሊፈትነን ነው ብለው አደነቁለት። ብስክሌቱን ከሌባው ወገን ሆኖ ተረከላቸው። የጡቡንም እንዲሁ። በእጅህ አሳየን ሲሉት ብቻ፣ እጄን ከዚህ ሥራ አንጽቻለሁ፣ ምያለሁ እያለ ያመልጣል።

ለባለቤቱ የነገራት ግን ሌላ ነው። ከእንግዲህ ማንም የማይሸውደኝ ሰው መሆኔን አይተው አማካሪ አደረጉኝ አላት። ውሸት አይደለም ብሎ ራሱን አጽናና፤ ግማሹን ነው ያልነገርኳት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ጡቡን ሳታይ መለሰችለት። አንድ ቀን መጥቼ በዓይኔ ልይህ፤ ያልከው እውነት ከሆነ ፍሪጁን አንተው ትገዛለህ አለችው።

የመጣችው ሥራ በሌላት ቀን ነው፤ ያም ቀን የካርቶኑ ትዕይንት የሚቀረጽበት ሆነ። አጭበርባሪው የሚሸጥ ፎቶ ካሜራ ያለበትን ካርቶን አሳይቶ፣ በጠረጴዛው ሥር በባዶው ቀይሮ ይሰጣል። ተዋናዩ ደጋግሞ ሞከረው፤ ካርቶኑ ያመልጠዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሁለቴ ደግሞ ሳያውቀው ይቅርታ ጠየቀ። ዳይሬክተሯ ትዕግሥቷ አለቀ። አደገኛው፣ መሐላህን ለአንድ ቀን አፍርስልንና አሳየን፤ ባለቤትህም እዚህ ናት፣ ገዢ ትሁንልህ አለችው።

ማምለጫ የለም። መነጽሩን አስተካከለ። ባለቤቱ ፊት ቆሞ፣ ይሄ እንኳ የሚሸጥ አይደለም እያለ ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር፤ አፍ ነዋ። እጁ ጠረጴዛው ሥር ሲገባ ግን አንዱ ካርቶን ሌላውን ገፋው፣ ሌላው ጉልበቱ ላይ ወጣ፣ አንዱን ሲይዝ አንዱ አመለጠው፤ የቱ ባዶ የቱ ሙሉ እንደሆነ ለራሱም ጠፋው። በመጨረሻ በላብ ተጠምቆ አንዱን አስረከባት። ከፈተችው። ካሜራው ቁጭ ብሏል። ባዶውን ለራሱ አስቀርቶታል።

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለው ነበር። ያ ቀዩ ተዋናይ ሊያግዘው ፈልጎ ምናልባት ሆን ብሎ ይሆናል አለ። ዳይሬክተሯ ግን ወደ ባለቤቱ ዞረች።

«እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ሰውዬ ድሮ አጭበርባሪ ነበር ወይስ አልነበረም?»

ባለቤቱ ባሏ ምን ተብሎ እንደሚኖር የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ዞር ብላ አየችው። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዷል፤ ባዶውን ካርቶን እንደ ሕፃን አቅፎታል። አስተያየቷን ያውቀዋል፤ እጅጌውን ሰብስቦ መርፌ የሚጠብቅ ልጅ የምታይበት ነው። ያለቀለት መሰለው። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ ደብቃ «ምንም አያምም» ስትል የኖረች ሴት ናት። በዚያው ድምፅዋ፣

«እሱን ነው የምትጠይቂኝ?» አለች። «ስንቱን ራቁቱን አስቀርቶታል።»

«ለምሳሌ ማንን?»

«እኔን ነዋ። እስቲ እዪው፤ ይሄንን ሰው ዓይኔ እያየ አገባሁት እኮ። እንዴት አድርጎ እንደሠራኝ ዛሬም አልደረስኩበትም።»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። የድምፁ ሰውዬ የውሻውን ጩኸት ጮኸ። እሷ በዚህ አላቆመችም፤ አሁን እጁ ዝጓል፣ እኔ ነኝ በመሐላ ያሰርኩት ብላ ቀጠለች፤ ያልሠራውን ሁሉ ሠራ እያለች፣ ያልሄደበት አገር እየወሰደችው፣ የማያውቀውን ሀብታም እያስለቀሰችው ስትተርክ እሱ ራሱ ወይ ጉድ፣ ቀጥሎስ ምን አደረግሁ እያለ ይሰማት ጀመር። ዳይሬክተሯ ወንበር አመጣችላት። ከሰዓት በኋላ ላይ ዋናዋ አማካሪ እሷ ሆና፣ አደገኛው ከጎኗ ቆሞ የእሷን ቦርሳ ይዟል።

ወደ ቤት ሲሄዱ ቦርሳዋን እንደያዘ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላታል። ውለታዋ ከብዶት ነው። ቢሆንም አላስቻለውም።

«ፍሪጁስ?» አላት።

«አብረን እንሄዳለን» አለችው። «መራጩ አንተ ነህ።»

እግሩ ከመሬት ለቀቀ።

«አንተ ደህና አድርገህ ትመርጣለህ» ብላ ቀጠለች፣ «እኛ ደግሞ አንተ የወደድከውን ትተን ሌላውን እንገዛለን። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ተሳስተህ ልክ ሆነህ አታውቅም፤ እንዳንተ ያለ አስተማማኝ ሰው የት ይገኛል?»

ሊከፋው ሞከረ፤ አልሆነለትም። መሄዱም አንድ ነገር ነው።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ፍሪጅ ነበር። አንዱ ነጭ፣ ልሙጥ፣ ጸጥ ያለ። ሌላው ብርማ፣ በሩ ላይ የውኃ መቅጃ ያለው፣ ሲከፈት ውስጡ እንደ ሠርግ ቤት የሚበራ። ፍሬም ሠሪው ብርማውን ባየው ቅጽበት ልቡ ተሰለበ። ሻጩ ጠጋ ብሎ ይሄኛው እንኳ ተይዟል፣ ለሌላ ደንበኛ ቃል ገብተንበታል አለ። ነገሩን አወቀው። ከመሰላል ላይ ሆኖ ለተዋናይ ያስተማረው ነገር ነው፤ አወቀውና ይብሱን ናፈቀው። ሻጩን እጁን ለቀም አድርጎ ሊይዘው ምንም አልቀረው።

ከዚያ በሕይወቱ አስቦት የማያውቀውን አሰበ። ወደ ነጩ ሄደ። በመዳፉ ዳበሰው፣ በሩን ከፍቶ ዘጋው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፣ አንድ ረጅም ትንፋሽም አወጣ።

«ልቤን የወሰደው ይሄ ነው» አለ።

ባለቤቱ እንኳን ሻጩን ልትሰማ ነጩን ዞር ብላም አላየችው፤ በባሏ መሳሳት ላይ ያላት እምነት እንዲህ የጸና ነበር። ብርማውን ጫኑልን አለች። ሻጩም ለሌላኛው ደንበኛ ምን እንደሚለው እያሰላሰለ፣ ለእናንተ ስል ነው ብሎ ጫነው።

በሰፈሩ መሐል ከፍሪጁ ጋር መኪና ላይ ቆሞ አለፈ። «ገበያው፣ ደግሞ ምን ሸጡልህ?» ያለውን ሁሉ በእጁ ሰላም አለው። ደስታው ለማንም የማይነገር ነው፤ ሰው አታልሏል፤ ያውም እሷን።

ፍሪጁ ሲሰኩት ማቃሰት ጀመረ። ከነጭነቱ ዳገት እንደሚወጣ መኪና አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ውኃ መቅጃውም ማንም ሳይነካው ውኃውን ወለሉ ላይ ይለቀው ጀመር። ባለቤቱ እጇን አጣምራ ቆማ እስኪበቃት አዳመጠችው።

«እሺ፣ ይሄ እንዲህ ከሆነ» አለች፣ «ያ አንተ የወደድከውማ ምን ሊሆን ኖሯል?»

«እግዜር ነው ያወጣን» አላት ፍሬም ሠሪው፣ ተንበርክኮ ወለሉን እየወለወለ።