ቅናሽ የለወጠው መላጊያ

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ ቅናሽ እያለ ነበር የሚጠራው። ስሙን ያወጡለት አብረውት የሚሠሩ አናጢዎች ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፋል። እሱ እቴ! ከመንገድ ማዶ «ቅናሽ!» ብለው ሲጣሩ ደረቱን ነፍቶ አቤት ይላል፣ ሹመት የሰጡት ይመስል።

አናጢ ነኝ ነበር የሚለው። ድንቄም አናጢ! አባቴ አናጢ ስለነበረ አናጢ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አባቴ መሮውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው፤ ሥራ ሲጨርስ ስለቱን ዘይት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። እኛ ልጆቹ ብርጭቆ ብንሰብር ይስቃል። መሣሪያውን ስንነካ ካየን ግን መግቢያ ነው የሚጠፋን።

ቅናሽ ደግሞ መሣሪያ የሚገዛው እንደ ሽንኩርት ነው፣ በመደብ። እጀታው ቀይ ቀለም ከተቀባና ዋጋው ከወረደለት አበቃ፣ ሌላ ነገር አይጠይቅም። አንድ ጊዜ የገዛው መዶሻ ገና ምስማር ሲመታ አናቱ ከእጀታው ተስፈንጥሮ የጎረቤታችንን መስኮት አደቀቀው። መስታወቱን ማስገጠሚያው ከመዶሻው በለጠ። እሱ ስብርባሪውን እየጠረገ «ምንም አይደል፣ መዶሻውን እኮ በግማሽ ዋጋ ነው ያገኘሁት» ይላል። መጋዙ ገና እንጨት ውስጥ ሲገባ እንደ ትል ይጣመማል። ካቻቢቴው ብሎን ጠበቅ ካለበት ጫፉ እንደ ሻማ ይጠመዘዛል። ሲሰበርበት ደግሞ አይጥልም፤ አልጋ ሥር ይከተዋል። እህቴ ቤት ስትጠርግ ከመጥረጊያዋ ጋር እየተጠላለፈ የሚወጣው የመሮ ስባሪ ነበር።

«ይኼን ሰው ምኑን አይተሽ አገባሽው?» እላታለሁ።

«ተይው እትዬ፣ ደስ ይበለው። አይጠጣ፣ አይማታ» ትለኛለች። እህቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከባል የምትፈልገው ያንን ያህል ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደወለዳት አላውቅም፣ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። እጇ ቁርጥ የአባቴ እጅ! ገና በልጅነቷ የቤቴን መሳቢያዎች ሁሉ ፈታታ፣ እንደገና ገጥማ፣ በአንድ ጣት የሚሳቡ አደረገቻቸው። አባቴ ሲሞት ዘመድ አንድ አንዱን እያነሳ መሣሪያውን በተነው፤ እኔ ደብቄ ያስቀረሁት መላጊያውን ብቻ ነው። ያንን ሰጠኋት። መላጊያ ሳንቃ ማለስለሻ ነው፤ የአባቴ ገላው እንጨት፣ በእጅ ወዝ የጠቆረ ነበር። አባቴ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ በዘመን ብዛት ጎድጉዷል። የስለቱ ላይ ላዩ ዝጓል፤ ጫፉ ግን ፊት ያሳያል።

ከተማው ዳር አንድ ትልቅ እንጨት ቤት ነበር፣ በርና መስኮት የሚሠራበት። እዚያ ሊቀጠር የሚመጣ ሰው የራሱን መሣሪያ ይዞ ነው የሚመጣው። ፎርማኑ ወረቀት አያይም። «ዘርጋው» ብቻ ነው የሚለው። ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋለታል። ከዚያ በሰውዬው መላጊያ እሱ ራሱ አንድ ሳንቃ ይልጋል። መላጊያው ከዘለለበት «መሣሪያውን መጠበቅ ያልቻለ እንጨት አይነካብኝም» ብሎ ያሰናብታል። ያሰናበተውን ደግሞ ሁለተኛ ዓይኑን አያይም። ልጅቷ ሰኞ ነይ ተባለች። ሴት ልጅ የሚያስጠጋ ሌላ እንጨት ቤት አልነበረም፤ ካለፋት አለፋት ነው።

ለካ አባትየውም አስቦላት ኖሯል። ቅናሽ ማሰብ የጀመረ ቀን ደግሞ የሆነ ሰው ይጎዳል።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ቤት ተቀምጠን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሻንጣ አንጠልጥሎ እየሳቀ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ከፈተው። መላጊያ፣ መሮ፣ ፒንሳ፣ ሜትር፣ ሁሉም በየጎድጓዳው ተኝተዋል፤ ያብለጨልጫሉ።

«ሙሉ ስብስብ! ኦርጅናል! ያውም አምስት ሳንቲም ሳላወጣ!»

«ታዲያ በምን አመጣኸው?» አለችው እህቴ።

«በዚያ ዝገታም መላጊያ ለወጥኩት። ባለ ወርቅ ጥርሱ አልነቃም!» ባለ ወርቅ ጥርሱ ማለት የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ያለው፣ ለቅናሽ የዕድሜ ልክ ኮተት ሲያሸክመው የኖረ ነጋዴ ነው።

ልጅቷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አባዬ፣ የአያቴን መላጊያ?»

«ዝጎ እኮ ነው የኔ ልጅ። ያንን ሰው ፊት ብትዘረጊ ምን ይሉኛል? የማን ልጅ ናት ቢባልስ?»

«የአንተ መሆኗን ካወቁማ አበቃላት» አልኩት።

«እትዬ ደግሞ!» አለና ወደ ልጁ ዞረ። «እስቲ እይው፣ እጀታው እንኳ ጎማ ነው።»

አዲሱን መላጊያ አንስታ የስለቱን ጫፍ በጥፍሯ ጫን አለችው። ታጠፈ። በጥፍር! «ይኼ ቆርቆሮ ነው» አለችና ሻንጣውን ዘግታ፣ አንጠልጥላው ብድግ አለች። ነጠላዬን አነሳሁና ተከተልኳት።

መጀመሪያ የገባነው ከውጭ የመጣ ደህና ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ መደብር ነው። መላጊያዎቹ መስታወት ውስጥ እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። ዋጋውን ስንሰማ መንገድ የሳትን መስለን ወጣን። ከዚያ አሮጌ ዕቃ ተራ ወረድን። እዚያ ደግሞ የሰው ጉድ! ስንጥቁን በቀለም ደፍኖ፣ ዝገቱን በቅባት ሸፍኖ፣ «የአያቴ ነው፣ ስለተቸገርኩ ነው» ይላል፤ የዚያ ሁሉ ሻጭ አያት አናጢ ኖሯል እኮ። ልጅቷ ስለቱን እያወጣች በጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ በምስማር መታ ታደርገዋለች። ደህና ብረት እንደ ደወል ይጮሃል፤ አባቴም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፣ ማን እንዳሳያት እንጃ። አንዱም አልጮኸም። ድፍን፣ ድፍን፣ እንደ ሸክላ ስባሪ።

«ባለ ወርቅ ጥርሱ ጋ እንሂድ፣ አክስቴ» አለችኝ።

ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። የክረምቱ ዝናብ በሩን አሳብጦት አልዘጋ ብሎታል። ሰውዬው ራሱ ከፊቱ ተንበርክኮ ይልጋል። ኋላው ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አዲስ መላጊያ ተሰቅሎበታል። እጁ ላይ ያለው ግን የአባቴ ነው! የአባቴ ጣት የጎደጎደበት ላይ የሱን ወፍራም ጣት አሳርፎ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እሱ የኔ ነው» አለችው።

«የአባትሽ ነበር። ለውጦ ሄደ፣ ንግድ ነው። ከፈለግሽ ግዢኝ» አለና ዋጋ ጠራ። የጠራው የሻንጣውን ሦስት እጥፍ ነው። ወርቅ ጥርሱ ብልጭ አለች።

«አንተ ሰው» አልኩት፣ «ያ ሁሉ አዲስ ከኋላህ ተሰቅሎ ምነው በዝገታም ትልጋለህ?»

«እ... እጄ ስለገባ ነው።»

ሱቁ ውስጥ ሽቦ የሚመርጥ ግንበኛና ጓጉንቸር የያዘች ሴትዮ ነበሩ። ሁለቱም ዞሩ። ልጅቷ ሻንጣውን ከፍታ አዲሱን መላጊያ አወጣችና በሁለት እጇ፣ በአክብሮት፣ ዘረጋችለት።

«እንግዲያው በሩን በዚህ ይጨርሱት። ደህና አድርጎ ከላገ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ አፌን አልከፍትም።»

«እሷ እውነቷን ነው፣ እስቲ አሳየን» አለ ግንበኛው። «እኔም ለልጄ አንድ ልገዛ አስቤ ነበር።»

ምን ያድርግ? ተቀበላት። ሲገፋው እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ፣ ዘለለ፣ በሩን ቧጨረው። ላቡ መጣ። በሁለት እጁ አጥብቆ ሲገፋ የጎማው እጀታ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረና አፍንጫው ከበሩ ጋር ተጋጨ።

«ኦርጅናል!» አለ ግንበኛው፣ ሆዱን ይዞ።

ሴትዮዋ ጓጉንቸሩን ቀስ ብላ ባንኮኒው ላይ መለሰች። «ይኼም ይቅርብኝ፣ ወንድሜ። ሌባ ከሚስቅብኝ።»

«በቃ!» አለ ባለ ወርቅ ጥርሱ። «ውሰጂ! ኮተትሽን መልሺና ውሰጂልኝ! ውጡ ከሱቄ!»

እኔ ገና ብዙ የምናገረው ነበረኝ፤ ልጅቷ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

እሑድ ስለቱን ስትስል ዋለች። ሰኞ ማለዳ ሦስታችን ሄድን፤ ቅናሽ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ። መላጊያው መመለሱን ሲሰማ አኩርፎ ነበር፤ ጠዋት ግን ረስቶታል። እሷ ገባች፣ እኛ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆምን። የእንጨት ቤቱ ሰፊ በር ስለተከፈተ ሁሉም ይታየናል። ያላት ጥቂት ነው፤ ዘረጋችው። ፎርማኑ ከሁሉ መላጊያውን አነሳ። ዝገቱን አየ። ከዚያ ጣቱን ጎድጓዳው ላይ አሳረፈና ሳንቃው ላይ ገፋው። ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፣ ሐር ሲቀደድ ያለው ድምፅ። ፍቅፋቂው ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ተጠቅልሎ እግሩ ሥር ወረደ። አባቴ ሲሠራ እያነሳሁ ጣቴ ላይ እንደ ቀለበት የማደርገው ነበር። ዓይኔን እንባ ሞላው፣ ምን እንደተባባሉ ልብ አላልኩም። እሷ በኋላ እንደነገረችን የጠየቃት «ማን ሳለው?» ብሎ ብቻ ነው። «እኔ» አለችው። «ነገ ነይ» አላት።

ይኼኔ አጠገቤ ቅናሽ ለዘበኛው ሲያወራ እሰማለሁ።

«ያንን መላጊያ አየኸው? እኔ ነኝ ያመጣሁላት። ሙሉ ሻንጣ አዲስ መሣሪያ ሰጥቼ ነው ያስመጣሁት። ያውም ነጋዴው አልነቃም!»

ዘበኛው «ታድላ! እንዲህ ያለ አባት» አለ።

ይኼን ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ስድብ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። አፌን ስከፍት ልጅቷ ደርሳ ኖሮ እግሬን በጫማዋ ርግጥ! ከዚያ የአባቷን የኮት ኮሌታ እያስተካከለች «ጥሩ ዕቃ ነው የገዛህልኝ፣ አባዬ» አለችው።

ፊቱ እንዴት እንደበራ! መንገዱን ሙሉ ቀድሞን ነበር የሚሄደው፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እያወራ። እኔ እያነከስኩ ተከተልኩት፣ ምላሴን ውጬ።