የጋሽ ጀምበሩ የጀርመንኛ ትእዛዞች

የማርቆስ ሰው ያላመነውን ነገር ፊት ለፊት «ውሸት ነው» አይልም፤ ማዕረግ ይሰጠዋል። ጋሽ ጀምበሩንም «አድሚራል» አለው። ጋሽ ጀምበሩ ከከተማው ዳር ያለውን የጉድጓድ ውሃ ሞተር የሚያስነሣና የሚያጠፋ ሠራተኛ ነው። ታዲያ ቧንቧ በደረቀ ቁጥር «ምነው፣ አድሚራሉ ከመርከቡ ወረደ እንዴ?» ይባላል። እኔ ተስፋዓለም መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤት አለኝ። ከሳቂዎቹም አንዱ ነበርኩ፤ አሁን ስጽፍ ንጹሕ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም።

ሰውየው በወጣትነቱ ደብረ ወርቅ የድጓ ተማሪ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቦቹ ሲሄድ መንገድ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተያዘ። ምድቡ ባሕር ኃይል ሆነና ምጽዋ ወረደ፤ ከዚያም ለአንድ ዓመት ተኩል ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ የመርከብ መሪ መያዝ ተማረ። ምጽዋ ስትያዝ ምስክር ወረቀቱም ፎቶግራፉም እዚያው ቀረ። አገሩ ሲገባ በእጁ የነበረው ማስረጃ አፉ ብቻ ነው፤ አፍ ደግሞ ሁሉም አለው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል፤ የኛ ከተማ የጨመረበት ግን ሳቅ ነው።

የከተማው ሳቅ ብዙም አልጎዳውም። የጎዳው የልጁ የዜማ ነገር ነው። ዜማ ስድስተኛ ክፍል ሳለች «አባቴ ባሕር ላይ መርከብ ይመራ ነበር» ብላ በክፍል ውስጥ ተናገረች። ልጆቹ «ጣና ላይ በታንኳ ነው?» ብለው እስኪደወል ሳቁባት። ማታ ቤት ገብታ «አባዬ፣ በናትህ ሁለተኛ ስለ ባሕር አታውራ» አለችው። እሱም ስድስት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ እኔ ዘንድ በጸሐፊነት ተቀጥራለች። አባቷ ይዋሻል ብላ አታውቅም፤ እውነቱን ነው ብላም አታውቅም።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ወዳጄ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ መንዳት የሚያለማምድ የኮምፒውተር ጨዋታ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። ጉዱ ያለው ከጨዋታው ጋር በመጣው ተጨማሪ ፕሮግራም ላይ ነው። ማይክ ያለው ማዳመጫ ታጠልቅና እንደ አዛዥ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታዛለህ፤ መርከቧ ቃልህን ሰምታ ትታዘዛለች። ግን የምትሰማው የጀርመን ባሕር ኃይል የሚያዝበትን ትክክለኛ ጀርመንኛ ብቻ ነው። አርባ ትእዛዝ የያዘ ዝርዝር አብሮት አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጮህኩባት፤ ከወደቡ ንቅንቅ አላለችም።

ጋሽ ጀምበሩን ያስጠራሁት ያን ጊዜ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ግማሹ ሐሳቤ ለሳቅ ነበር። ዝርዝሩን አትሜ ሰጠሁት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበና እርሳስ ጠየቀኝ። ከትእዛዞቹ ሥር ቃሉን በፊደላችን ጻፈ፤ ከቃሉ ላይ ደግሞ እንደ ድጓ ይዘትና ደረት የሚባሉትን ምልክቶች ጣለበት።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ያኔም የያዝሁት እንዲህ ነው። ጀርመኑ ድምፁን የሚያነሣበትንና የሚጥልበትን ካላወቅህ ቃሉ ብቻውን አይረባም» አለኝ። የጻፈውን ለማየት ዜማ ቀና አላለችም።

ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ቤቴ ሞላ። የእህል ነጋዴው ኃይለ ሚካኤል ሳይቀር ሚዛኑን ትቶ መጣ። ጋሽ ጀምበሩ ማዳመጫውን አጠለቀና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ባይደ ማሺነን ላንግዛመ ፋርት ፎራውስ!»

ሁለቱም ሞተሮች በዝግታ ወደ ፊት ማለት ነው። መርከቧ ተነሣች። ለኔ ሁለት ሳምንት የደነቆረች መርከብ ባንድ ቃል ስትንቀሳቀስ ሳይ አፌን መዝጋት ረሳሁ። እሱ ግን ዝም ብሎ እኔን ያየኛል። መርከቧ በቀጥታ ወደ ወደቡ ግንብ ትሄዳለች።

«ጋሼ፣ ይዘዙ እንጂ! ወደ ግራ ይበሏት!»

መርከቧ ግንቡን መታች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ኃይለ ሚካኤል «አድሚራሉ የሚያውቃት አንዲት ቃል ናት፤ እሷም አለቀች» አለ። ዜማ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ መጻፍ ጀመረች። አሻግሬ ባይ ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ተደጋግሞ ተደርድሯል።

ጋሽ ጀምበሩ ማዳመጫውን ከጆሮው ወደ አንገቱ አወረደ። «ማን መለሰልኝ?» አለ።

«ምኑን?»

«ትእዛዝ የተቀበለ መርከበኛ የታዘዘውን ቃል በቃል ደግሞ ይናገራል። ካልደገመ አልሰማም ማለት ነው። ባልተሰማ ትእዛዝ ላይ ሌላ መደረብ መርከብ ማጥፋት ነው። እኔ ደጋሚ ነበርሁ እንጂ አዛዥ አልነበርሁም፤ ሕጉን ግን አውቃለሁ።»

«ይህ እኮ ማሽን ነው ጋሼ፤ አይመልስም።»

«እንግዲያው የሚመልስ ሰው አስቀምጥልኝ።»

ማንም አልተነሣም። ተናደድኩና «ዜማ፣ ነይ መልሺላቸው!» አልኩ። የመጣችው አሠሪዋ ስለሆንኩ ነው። ጨዋታውን እንደገና ከወደቡ አስጀመርኩ፤ አባቷ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሲያዝ ያለ ድምፅ ማለት ይቻላል ደገመችው። አባቷ ምልክቱን በእርሳሱ እየነካ «ከዚህ ላይ ወደ ላይ ነው» አላት። ሁለቴ አረማት፤ በሦስተኛው ተቀበላትና ቀጠለ። «ሩደር ሃርት ባክቦርት!» ሲል ደገመች፤ መርከቧም ወደ ግራ ተጠመዘዘች። «ሩደር ሚትሺፍስ!» ደገመች፤ መሪው ቀና። ሠላሳ አንድ ትእዛዝ እንዲህ እየተባባሉ ከወደቡ አውጥተው ሰፊው ባሕር ላይ አደረሷት። የሚስቅ ሰው አልቀረም።

ቀጣዩ መርከቧን ውሃ ውስጥ የማጥለቅ ትእዛዝ ነበር። ሰዉ የመጣውም ለዚህ ነው፤ «አስገቧት! አስገቧት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ጋሽ ጀምበሩ ወረቀቱን አጠፈ።

«ይህን አልችለውም» አለ። ያን ጊዜ ነው ከመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ትእዛዞች ሥር ምንም እንዳልጻፈ ያየሁት።

«ማንበብ እኮ ነው ጋሼ! እንደመጣልዎት ይበሉት፤ ማርቆስ ውስጥ ማን ያርምዎታል?»

«ማንበቡንስ አነበብሁት። ከመምህር አፍ ግን አልሰማሁትም። የኔ መርከብ ከውሃው በላይ የምትሄድ ናት፤ ከውሃ በታች አንድ ቀን አልገባሁም። ያልሰማሁትን ላሰማ?»

«አላልኳችሁም! አያውቀውም» አለ ኃይለ ሚካኤል፤ ወደ ሚዛኑም ሄደ። ሌላውም እያጉረመረመ ተከተለው። እኔም ብሆን ተበሳጭቼ ነበር፤ ቅዳሜዬን አበላሸብኝ። ለስሙ የሚሟገት ውሸታም ቢሆን ኖሮ እዚያች ላይ ያለ ጥርጥር የመጣለትን ብሎ ያጠልቃት እንደነበር የገባኝ ከቀናት በኋላ ነው። ለልጅቱ ግን ወዲያው ገብቷታል።

ዜማ ከወንበሩ አልተነሣችም። የታጠፈውን ወረቀት ከእጁ ወስዳ ዘረጋችና ባዶዎቹን ዘጠኝ መስመሮች አየቻቸው።

«አባዬ» አለች፣ «መርከብህ ስሟ ማን ነበር?»

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ነበራት» አለና ቁጥሩን ነገራት።

ዜማ ማንም ሳያዛት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቁጥሩን ደገመችለት።