ሳሎናችን ትምህርት ቤት ሲሆን

እናቴ ለሥልጠና አዲስ አበባ ከርማ ደብረ ማርቆስ የገባች ዕለት፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትከፍት አባቴን ሳሎን ውስጥ አቆመችውና «ይህ ሶፋ ይውጣ» አለችው።

«ወዴት ይውጣ?»

«ወደፈለገው። እዚህ ልጆች ሊማሩበት ነው።»

አባቴ አናጺ ነው። ሶፋውን ለሠርጋቸው በገዛ እጁ ነበር የሠራው። ትንሽ ቆሞ አየውና ጎረቤት ጠርቶ ተሸክመው አወጡት። እኔ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ እንግዳ ሲመጣ የት ልናስቀምጥ ነው ብዬ አፈርኩ።

እናቴ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ለዓመታት አስተምራለች። አዲስ አበባ ያየችው ግን ሞንቴሶሪ የሚሉትን ዘዴ ነው። ልጁ ተደርድሮ እየጮኸ አያጠናም፤ ዕቃውን በእጁ እየነካ፣ በራሱ ፍጥነት ይማራል፤ መምህሩም ከጎኑ ሆኖ ይጠብቀዋል። መማሪያ ዕቃዎቹ ከውጭ የሚመጡ ስለሆኑ አልተቻለንም። ስለዚህ እሷ ንድፉን እየሣለች አባቴ ከዋንዛ ይሠራ ጀመር። ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚደረደሩትን ኩቦች ደጋግማ መለሰችበት።

«ምን ጎደላቸው? ለልጅ መጫወቻ ነው እኮ» አላት።

«ልጁ ሲሳሳት የሚያርመው ዕቃው ነው። አንተ ከተሳሳትክ ዕቃው ይዋሸዋል።»

አባቴ ኩቦቹን እንደገና ለክቶ ላጋቸው። ፊደሎቹንም ከብርጭቆ ወረቀት እየቆረጠ፣ ልጆች በጣታቸው እንዲከተሏቸው በለሰለሰ ጣውላ ላይ ለጠፋቸው።

ትምህርቱ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወላጆች ማጉረምረም ያዙ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት እናት በር ላይ ቆማ እንዲህ አለች፦ «መምህርት፣ ልጄን ዛሬ ምን ተማርክ ስለው ውኃ ከጆግ ወደ ጆግ ገለበጥኩ ይለኛል። ይህንንማ እኔስ መች አቃተኝ?»

«እጁ ሲረጋ ነው እርሳስ የሚይዘው» አለቻት እናቴ። ሴትዮዋ ግን አልተዋጠላትም። ልጆቻቸውን የሚያስወጡም መጡ። እናቴ አንድ ቅዳሜ ወላጆችን ሁሉ ጠራች፤ ልጆቹ ሲሠሩ በዓይናቸው እንዲያዩ ብላ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ፊቷ ይናገር ነበር።

በዚያ ሰሞን አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ እኛ ዘንድ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ወርቅ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ለሕክምና ነበር የመጡት። ያን ቀን ጠዋት የልጆቹን ድምፅ ተከትለው በምርኩዛቸው ገቡና አነስተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

አንዲት ትንሽ ልጅ ጣውላዎቿን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ይንኩት።»

«የኔስ ከተጨፈነ ቆየ፣ ልጄ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ሸካራውን መስመር ተከትሎ ወረደ። «ይቺ ሐመሩ ሐ ናት።»

«አይደለችም። ሐ ብቻ ናት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ከምር ሌላውን ሰጠቻቸው፤ ደግሞ ሌላውን። አያቴ እየዳሰሱ አነበቡ። ፊደል ካዩ ዓመታት አልፈው ነበርና መሐል ላይ ጣውላውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መዳፋቸውን አሳረፉበት።

በኋላ ወደ እናቴ ዞሩ። «ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ነው የሚማረው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ቀድሞ ያወቀው ለኋለኛው ያሳያል?»

«ያሳያል።»

«እኛ ጋ እኮ እንዲሁ ነው። የማይታወቅ ነገር አመጣች ሲሉኝ ፈርቼልሽ ነበር።»

የየኔታን ቃል የሰሙ ብዙዎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን አላስወጡም። ጨርቅ ሻጯም ሰኞ ጠዋት ልጇን እጁን ይዛ መጣች። ጨርሰው የቀሩም ነበሩ፤ እናቴ አልተቀየመቻቸውም።

አያቴ ዛሬ የሉም። ትምህርት ቤቱ ግን ከሳሎን ወጥቶ ግቢውን በሙሉ ይዟል። አባቴ አማኑኤልና ደምበጫ ላሉ መዋዕለ ሕፃናትም ኩብ ይሠራል፤ አሁን የሚመልስበት የለም፣ ራሱ ነው የሚመልሰው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እዚሁ ማስተማር ከጀመርኩ ሰነበትኩ። በወረርሽኙ ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት እናቴ ዕቃውን ለየልጁ አከፋፍላ ወደየቤቱ ሰደደችው፤ በሩ ሲከፈት አንድም ሳይጎድል ተመለሰ።

አሁን ጉልበቷን ያማታል። ጠዋት ጠዋት ግን በሩ ላይ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ከእያንዳንዱ ልጅ ዓይን ጋር አስተካክላ ሰላም ትላለች። አባቴ ዝቅ ያለ ወንበር ሠርቶ አመጣላት።

«እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?» አለችው። ወንበሩን አሁን ልጆቹ ጫማቸውን ሲያስሩ ይቀመጡበታል።