ጠብቁ ያለው ሰው

ዳኜ ሰበታ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ኮሌጁ ዓለም ገና ዋናው መንገድ ዳር ያለ፣ ከሥሩ የሶፋ መሥሪያ ያለበት ፎቅ ነው። እሱ ላይ ሆኖ ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ሲያብራራ ከታች መዶሻ ይቀበለዋል። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ቀን ፋብሪካ ውለው ማታ የሚመጡ ናቸውና የትምህርቱን ግማሽ የሚያሳልፉት በእንቅልፍ ነው። ይህን ስለሚያውቅ፣ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ እንድትቀርላቸው ብሎ በየሴሚስተሩ የሚደጋግማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችው፤ «የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም።» አክስታችሁ ዘይት ስላጣች ሀገር ዘይት አጣ ብላችሁ አትጻፉ ይላቸዋል። ልክ ነው፤ የሙያው ሰው ሁሉ ልክ ነው ይለዋል።

ደግ መምህር ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሀገር ኢኮኖሚ ሲያስብ ኖሮ ሀገሩ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም። ባለሙያዎች በሬዲዮ ሲከራከሩ በሰማ ቁጥር «ይሄ ተሳስቷል፣ ያኛውም አላነበበም» እያለ ለሚስቱ ለውብአየሁ ያርምላታል። እሷም ሽንኩርቷን እየከተፈች «ሄደህ ንገራቸዋ፣ እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ» ትለዋለች። ሰፈሩ ግን ያከብረዋል። ግሮሰሪ ያላቸው ሽማግሌ፣ ኦቦ ቦሩ፣ «ኢኮኖሚው» የሚል ስም አውጥተውለት በደጃቸው ሲያልፍ «አካም ጅርታ ኢኮኖሚው፣ ዛሬስ ምን ሊጨምር ነው?» ይሉታል። ዳኜም «ደኅና ነኝ ኦቦ ቦሩ፣ ገለቶማ» ብሎ እየሳቀ ያልፋል። ቀልዱን ይወደው ነበር።

መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ የለቀቀ ሰሞን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ደወለለት። የተለመደው ተንታኛቸው ታሞባቸው ኖሮ፣ ከድሮ ተማሪዎቹ አንዱ የዳኜን ስም ሰጥቷቸዋል። ውብአየሁ ከሠርጉ ወዲህ ያልተለበሰውን ኮት ተኩሳ አለበሰችው። ጠዋት ደግሞ ገበያ ወጥታ ሦስት ጀሪካን ዘይትና የእሱን የደም ግፊት ኪኒን፣ የዓመቱን፣ ገዝታ በካርቶን አልጋ ሥር ከታዋለች። «ሰው ሁሉ እየገዛ ነው» አለችው። ካርቶኑን ወደ ውስጥ የገፋው ራሱ ነው፤ በእግሩ።

ስቱዲዮ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠው ተከራካሪ ድሃው ያልቃል እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። ዳኜ ግን ረጋ ብሎ፣ በአንድ በኩል እንዲህ፣ በሌላ በኩል እንዲያ እያለ ጥሩ ሄደ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አቅራቢው ሰዓቱን አየና «ጊዜ የለንም፤ ባጭሩ ሕዝቡ ምን ያድርግ?» አለው። መጽሐፎቹ ስለ ገበያ እንጂ ስለ አንድ ሰው ጓዳ አይናገሩም፤ ዳኜም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። «አላውቅም» ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ኮት ለብሶ፣ መብራት በርቶለት፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየው «አላውቅም» የሚል ሰው ከየት ይመጣል?

«ይጠብቅ» አለ። «ሕመሙ የአጭር ጊዜ ነው። በሁለት ሦስት ወር ገበያው ይረጋጋል። ዋጋ የሚያንረው ተሻምቶ የሚያከማች ሰው ነው። ጠብቁ፣ አታከማቹ።»

አቅራቢው ደስ አለው፤ «ጠብቁ፣ አታከማቹ» የምትለዋ ቃል በማግስቱ ለብቻዋ ተቆርጣ በየስልኩ ዞረች። ዳኜ ኦቦ ቦሩ ግሮሰሪ ሲገባ ሰው ተነሥቶ ተቀበለው፣ ቢራ ቀረበለት። «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ያጉረመረሙት ራሳቸው ኦቦ ቦሩ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሳቅ ብለው ነው ያሉት። ዳኜ በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው ጋ ተስፋነሽ ቆማ ጠበቀችው። ተስፋነሽ ከዳኜ ቤት ጀርባ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዱን የተከራየች፣ ከወላይታ የመጣች የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ባሏ ዘርሁን ሱሉልታ ካባ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ ከርሞ በወር አንዴ ይመጣል። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ሀሴት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። ሀሴት ሐኪሞቹ ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ይዟታል። ማታ ማታ ጠብታ ካልተደረገላት ዓይኗ ከውስጥ እየሞተ ይሄዳል። አያምም፣ አይቀላም፣ ዝም ብሎ ይጠፋል።

«ጋሼ፣ ዕቁብ ደርሶኛል» አለችው። «የመድኃኒት ቤቱ ልጅ የዓመቱን ጠብታ አሁኑኑ ውሰጂ፣ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ነገ በዚህ ዋጋ አታገኚውም አለኝ። እርስዎ ደግሞ ጠብቁ ሲሉ ሰማሁ። ምን ላድርግ?»

ዳኜ አልጋው ሥር ያለው ካርቶን ትዝ አለው። «ግዢ» ብትላት፣ አንተ ሰውዬ፣ ምን ትሆናለህ? ለሀገር ጠብቁ ብሎ ለተከራዩ ግዢ የሚል ምን ዓይነት ባለሙያ ነው? ደግሞስ ነገ ግሮሰሪ ሄዳ «ጋሼ ዳኜ ግዢ አለኝ» ብታወራስ? እንዲህ እንዲህ ሲያስብ ተስፋነሽ ጀሪካኗን ይዛ አንጋጣ ታየው ነበር።

«ጠብቂ» አላት። «ሁለት ሦስት ወር ነው። ይወርዳል።»

«እሺ ጋሼ፤ እርስዎ ካሉ» አለች። መርቃውም ሄደች። የዕቁቡን ብር ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ ላከችው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ተስፋነሽን መከራ የመከራት ግን እሺ ብላ ነው።

ጠብታው መጀመሪያ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ከዚያ እጥፉ እጥፍ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ከናካቴው ጠፋ። ተስፋነሽ በዕረፍት ቀኗ ቡራዩ ድረስ ሄዳ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ዞረች፤ የለም፣ የለም፣ ነገ ጠይቂ። የቀረችውን ብልቃጥ ልታዳርስ ማታ ማታ የነበረውን አንድ ቀን እየዘለለች ማድረግ ጀመረች፣ በኋላ በሳምንት ሁለቴ። ለልጅቱ «ከውጭ ሲመጣ እንገዛለን» አለቻት። ለዳኜ ግን ምንም አልነገረችውም። ብትነግረው ቃሉ መውደቁን ፊት ለፊት መንገር ይሆንባታል፤ ያን የሚያህል የተከበረ ሰው እንዴት ታሳፍረው? እንዲያውም ጠብታ ፍለጋ የምትወጣው እሱ ኮሌጅ ሲሄድ ጠብቃ ነበር። ይሉኝታ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ የራስን ልጅ ዓይን አስይዞ የሰው ፊት ያድናል።

እሱስ? እሱም ገበያ ይወጣል፣ እሱም ዋጋ ይሰማል። በተስፋነሽ በር ሲያልፍ እርምጃው ይፈጥን ነበር። አንዴ ቆም ብሎ «ጠብታው አለ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስከፍለው ነበር? ትንሽ ሐፍረት። ትንሿን ሐፍረት ሸሽቶ ክረምትና በጋ አለፈ።

ሀሴት አንድ እሑድ የተከፈተውን የብረት በር ሳታየው ሄዳ ተላተመችው። ቅንድቧ ተሰንጥቆ ደም በፊቷ ሲወርድ አታለቅስም፤ «እዚህ ጋ በር አልነበረም» ትላለች። ዳኜ መኪና ተኮናትሮ ከውብአየሁ ጋር አዲስ አበባ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ግራ ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቷል። ቀኙ በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ቀርቶለታል፤ እሱም ከዚህ ወዲያ ጠብታው ሳይቋረጥ ከዋለ ነው፤ የጠፋው ግን አይመለስም። ሐኪሟ ተቆጥታ «ለምን አቋረጣችሁ?» ስትል ተስፋነሽ ወለሉን እያየች «ጠፋብኝ» አለች። ዳኜ በሩ ላይ ቆሞ ስሙን ጠብቆ ነበር፤ አልጠራችውም። ያን ቀን ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ቤት ሲመለሱ ውብአየሁ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ስባ አወጣችና የተረፉትን ኪኒኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ዳኜ የማታ ክፍል ጨምሮ ያስተምራል፤ ጠብታው ከየትም ይምጣ፣ በየትኛውም ዋጋ፣ የሚገዛው እሱ ነው። ሀሴት ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ሰበታ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልትገባ ፊደል በጣቷ መዳሰስ ጀምራለች።

ዓመቱ ሲዞር ጣቢያው እንደገና ደወለ። «ያለፈውን ዓመት እንገመግማለን፤ እርስዎን ሰው ይወድዎታል» አሉት። እሄዳለሁ አለ። በሚኒባስ እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ ሊናገር ያሰበውን በልቡ ሲለማመድ ሄደ፤ «ጠብቂ ያልኳት እኔ ነኝ። ቤቴ ግን አከማችቼ ነበር።» ይህን ለመናገር ብቻ ነበር የሄደው።

ተከራካሪው ኪሩቤል ሆኖ አገኘው። ኪሩቤል ከዓመታት በፊት ከዚያ የሶፋ መሥሪያ በላይ ካስተማራቸው ሁሉ ጎበዙ ነበር፤ አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት አማካሪ ነው። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣው። ክርክሩ ሲጀመር ዳኜ ተራው ደርሶ አፉን ከፈተ። «አንዲት ልጅ አለች» አለ። ስለ ጠብታው፣ ስለ ዕቁቡ፣ ስለ ዓይኗ ተናገረ። እዚያች ቦታ ሲደርስ ግን ምላሱ መንገድ ቀየረ፤ «አንድ የኢኮኖሚ ባለሙያ እናቷን ጠብቂ ብሏት» አለ። አንድ ባለሙያ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው፤ አልመለሰውም።

«መምህሬ፣ ልብ ይነካል» አለ ኪሩቤል፣ በእውነት አዝኖ። «ግን የምመልሰው ከእርስዎ የተማርኩትን ነው፤ የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም። አጠቃላይ አኃዞቹ የሚያሳዩት ሌላ ነው።»

«ተማሪዎ ረቱዎት» ብሎ አቅራቢው ሳቀ። ዳኜም ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ዛሬም አያውቅም። ማስታወቂያ ገባ።

ሲመለስ ኦቦ ቦሩ ግሮሰሪ ደጃፍ ቆመው ነበር። ኢኮኖሚው አላሉትም። «ሰማንህ ዳኜ» አሉት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።» ቀሪውን ሁለቱም ስለሚያውቁት አልጨረሱትም።

ግቢው በር ላይ ሀሴት ቆማ አገኛት። ሊመሽ ሲል ቀኝ ዓይኗም እምብዛም አይረዳትም፤ ሰው የምትለየው በኮቴ ነው።

«ጋሼ ዳኜ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

እንደ ልማዷ እጅጌውን ያዘች፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ክፍሎቹ ይሄዱ ጀመር። «ከእትዬ ውብአየሁ ጋር አየንዎት» አለች። ከዚያ አረመችው። «ሰማንዎት። ያቺ ልጅ በጣም አሳዘነችኝ። የኔው ሕመም ነው ያለባት አይደል?»

«አዎ።»

«እኔስ መድኃኒቱ ጠፍቶ ነው፤ እማዬ ነግራኛለች። እሷ ግን እየተሸጠ፣ ብርም እያላቸው ነው የቀረባት።» ትንሽ ሄዱ። «ያ ጠብቂ ያላት ሰውዬ ማነው? ለምን ስሙን አልጠሩትም?»

ተስፋነሽ ቧንቧው ጋ ልብስ ታጥብ ነበር። እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ። ቀና ብላ ዳኜን አየችውና ራሷን ነቀነቀች፤ አይንገሯት ማለቷ ነው። ዓመት ሙሉ ሸፍናው፣ አሁንም ልትሸፍነው ነው።

«ዳኜ ይባላል» አለ።

ልጅቱ ሳቀች። «ሞክሼዎ ነዋ።»

«አይደለም ሀሴት። ሞክሼዬ አይደለም።»

ቆመች። ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም። ከዚያ እጅጌውን ለቀቀች። ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ግድግዳውን ፈለገች፤ ስታገኘው እሱን እየዳበሰች ብቻዋን ወደ በራቸው ሄደች።