የጥር ዘንባባ

የተያዝኩት ጥር መጨረሻ፣ እንጅባራ ላይ የፈረሰኞቹን በዓል ቀርጬ ስመለስ ነው። ከባጃጅ አውርደው ካሜራዬን ተቀበሉኝ። የቪዲዮ ቤት ሸሪኬን በማግስቱ ያዙትና ሌላ ቦታ ወሰዱት። እኔ የገባሁበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ ከታች ይመጣል።

አጠገቤ የሚተኙት ከጥርባ የመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ፤ አባባ እላቸዋለሁ። ቀኑ አልገፋ ሲለን የፊልም ስሕተት አወራላቸዋለሁ። ሥራዬ ኤዲት ስለሆነ ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል። ዝናብ የደበደበው ሰውዬ በር ከፍቶ ሲገባ ልብሱ ደረቅ ነው። የጥንት ንጉሥ ሲፎክር ከኋላው የመብራት ምሰሶ ቆሟል።

"ንጉሡ ቆጣሪ አስገብተው ኖሯል!" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሆሳዕና ዕለት ዘንባባ ገባልን። አባባ ለሁላችንም ቀለበት ሠሩልን። ፖሊሶቹም እየመጡ ጣታቸውን ዘረጉ፤ አባባ ማንንም አልከለከሉም።

ሰኞ ጠሩኝ። ቪዲዮው ጥር ላይ የተቀረጸ እንዲመስል ጺሜን ላጩኝ፤ የተያዝኩበትን ጃኬት አለበሱኝ። ያበጠ እግሬ ጫማ አልገባ ሲል መርማሪው "ግድ የለም፣ የሚቀረጸው ከወገብ በላይ ነው" አለ። የማነበው ተጽፏል፦ ጥር ላይ፣ ገና እንደተያዝኩ፣ ወድጄና ፈቅጄ "መሣሪያ የሚደብቀው ሸሪኬ ነው" ብዬ እንደጠቆምኩ። ይህ ከታመነ እሱን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። አላነብም ስል ከርሜ ነበር፤ ያን ቀን ግን አቅሜ አለቀ።

"እጅህን አሳርፍ" አለኝ። የእሱም ጣት ላይ የአባባ ቀለበት አለ። ሁሉም ስላሰረው ማንም ልብ አላለውም። እኔ ልብ አልኩት። ቀለበት ያለበትን እጄን ጠረጴዛው ላይ፣ ካሜራው በደንብ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጬ አነበብኩ።

ስመለስ ለአባባ ነገርኳቸው። አልሳቁም። ጋቢያቸውን ደረቡልኝና "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉኝ። ስንት አዳር እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት ዳንግላ፣ የሸሪኬ እናት ዘንድ ነው። ከጋሪ ወርጄ በራቸው ላይ ቆምኩ፤ ማንኳኳት ፈራሁ። ራሳቸው ወጥተው እጄን ያዙና ጣቴን ዳበሱት።

"ጎረቤቱ ሁሉ ቪዲዮህን አይቶ ሲረግምህ፣ እስቲ ስልኩን አምጡት አልኩና ደግሜ አየሁት። 'ዓይን የላችሁም ወይ? በጥር ዘንባባ የሚያስር ማን ነው?' አልኳቸው። ግባ ልጄ።"

ገብቼ አለቀስኩ።

ሸሪኬ ዛሬም አልተመለሰም። ቪዲዮ ቤቱን ብቻዬን ከፍቻለሁ። ኤዲት ሳደርግ ስሕተት ካገኘሁ እንደ ድሮው ቶሎ አልቆርጠውም፤ መጀመሪያ የሰውየውን እጅ አያለሁ።